«ሽማግሌዎቹ እሑድ ይመጣሉ፣ ልቤ ግን እምቢ አለኝ»

የዚህ ሳምንት ደብዳቤ የመጣው ከዚሁ ከባሕር ዳር ነው። ረዘም ስላለ አሳጥሬዋለሁ። ጸሐፊውን የሚያሳብቁ ነገሮችንም ቀያይሬአለሁ።

«እትዬ፣ ጤና ይስጥልኝ። 31 ዓመቴ ነው፣ የባጃጅ ሹፌር ነኝ። ትውልዴ ዘጌ ወገን ነው። የ14 ዓመት ልጅ ሳለሁ አባቴን ጎረቤታችን ገደለው። የተጣሉት በቡና ማሳ ድንበር ነበር። ሰውየው 18 ዓመት ተፈርዶበት ታሰረ። በአመክሮ ወጥቶ መተማ ገባ ሲሉ ሰማን። እኔም ረሳሁት ባልልም ኑሮዬን ይዤ ነበር።

መስከረም ላይ አንዲት ሴትዮ ዓሣ ገበያ አድርሰኝ አለችኝ። እዚያ ስደርስ አየሁት። ቆሮሶ እየቀረፈ ነበር። ቢላዋውን ሱሪው ላይ ጠረግ አደረገና ቀና ብሎ "ስንት ኪሎ ላድርግልህ ወንድሜ?" አለኝ። አላወቀኝም። የሴትዮዋን ሒሳብ እንኳ ሳልቀበል አዙሬ ሄድኩ። ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ የለኝም። ማታ ማታ በዚያ በኩል እነዳለሁ። የት እንደሚያድር ሁሉ አውቄአለሁ።

የአባቴ ወንድም ይህን ሲሰማ ደወለልኝ። "የአባትህ ደም እየጮኸ አንተ ሰው ታመላልሳለህ? ውጅግራ ጠመንጃው እኔ ጋ ነው፤ ዘይት እየቀባሁ አስቀምጬዋለሁ" አለኝ። እናቴ ዝም ብላለች። ሰውየው ደግሞ እንዴት እንደሰማ አላውቅም፣ ሽማግሌ ልኳል። ሁለት ቄሶችም አሉበት። እሑድ ይመጣሉ። እኔ ከዳግማይ ትንሣኤ በኋላ በቁርባን ላገባ ቀን ቆርጫለሁ፤ የነፍስ አባቴ "ቂም ይዘህ አትቆርብም" ብለውኛል።

ይቅር በሉ መባሉን አውቃለሁ። ግን ይቅር ብል አባቴን መክዳት አይሆንም? ልቤ እምቢ እያለ አፌ "ይቅር ለእግዚአብሔር" ቢል እግዚአብሔርን መሸንገል አይሆንም? ከዚያስ ወንድ ሆኜ ደሜን ብመልስ አይሻልም?»

ወንድሜ፣ የአባትህን ነፍስ ይማርልህ። አንተንም ያጽናህ። እስከ ዛሬ ቁጭ አድርጎ ያጽናናህ ሰው ያለም አይመስለኝም። በ14 ዓመት አባት የሞተበት ልጅ ለቀስተኛው ሲበተን ብቻውን ነው የሚቀረው።

ስለ ይቅርታ ከማውራታችን በፊት ግን አንድ ነገር አለ። «የት እንደሚያድር ሁሉ አውቄአለሁ» ብለሃል። ከደብዳቤህ ሁሉ ያስደነገጠችኝ ይቺ ናት። የአጎትህ ውጅግራ እንኳ እንደሷ አላስደነገጠኝም። ያዘነ ሰው ያለቅሳል፣ ይቆዝማል፣ በትንሽ በትልቁ ይነጫነጫል። የሰው ማደሪያ ግን አያጠናም። ስሙን አልጠራኸውም እንጂ ነገሩን ጀምረኸዋል። ስለዚህ ከዛሬ ማታ ጀምሮ በዚያ በኩል አትንዳ። ተሳፋሪ «ዓሣ ገበያ» ካለህ «አልሄድም» በለው። ባሕር ዳር ባጃጅ ሞልቷል፣ ሌላ ያገኛል። ጥቂት ብር ይቅርብህ።

ሕጉን ባጭሩ ተናግሬ ልለፈው። የ1996ቱ የወንጀል ሕግ ተራ ግድያ የሚለውን ከ5 እስከ 20 ዓመት ያስቀጣል። አስቦና ተዘጋጅቶ በጭካኔ የሚፈጸመው ከባድ ግድያ ግን አንቀጽ 539 ሥር ይወድቃል። ቅጣቱ ዕድሜ ልክ ወይም ሞት ነው። ከ17 ዓመት በኋላ ማደሪያውን አጥንቶ የመጣ ሰው «ድንገት ደሜ ፈላ» ቢል የሚሰማው ዳኛ የለም። ሰውየው ልጆች ካሉት ደግሞ እነሱም በተራቸው ያንተን ባጃጅ ታርጋ ያጠናሉ። ይህን አንተ ከማንም በላይ ታውቀዋለህ፤ የተገደለበት ልጅ ምን እንደሚያስብ ከደብዳቤህ ነው ያነበብኩት።

አሁን ወደ አጎትህ ልምጣ። በሱ አትፍረድ። አንተ አባትህን ስታጣ እሱ ወንድሙን አጥቷል። ያን ውጅግራ ዘይት የሚቀባው ሐዘኑን የሚያስቀምጥበት ሌላ ቦታ ስላጣ ይመስለኛል። ግን አንድ ነገር ልጠይቅህ። ደም መመለስ የወንድ ሥራ ከሆነ፣ ወንድሙ ሲሞትበት እሱ ትልቅ ሰው ነበር። ለምንድነው የ14 ዓመት ልጅ እስኪያድግ የጠበቀው? የሚታሰረው የማን እጅ እንዲሆን ነው የሚፈልገው? ይህን ለሱ በለው አላልኩህም። አንተ ግን አስበው።

«የአባትህ ደም ይጮኻል» ያለህ ነገር እውነት ነው። መጽሐፍም ይለዋል። ዘፍጥረት 4 ላይ ቃየን አቤልን ከገደለ በኋላ እግዚአብሔር «የወንድምህ የደሙ ድምፅ ከምድር ወደ እኔ ይጮኻል» ይለዋል። አጎትህ ግን የነገረህ ግማሹን ነው። ደሙ የሚጮኸው ወደ ማን ነው? «ወደ እኔ» ነው ያለው። ወደ ወንድሞቹ አላለም፣ ወደ አባቱም አላለም። ክሱ ለዳኛው ነው የቀረበው። ዳኛውም ጩኸቱን ሰምቶ ዝም አላለም። ቃየንን ረገመው፣ ተቅበዝባዥ አደረገው። ከዚያ ደግሞ ያገኘው ሁሉ እንዳይገድለው ምልክት አደረገለት። ይህቺን ቦታ ሳነብ ሁልጊዜ ትገርመኛለች። የአቤል ደም በጆሮው እየጮኸ ነው ለቃየን ከለላ የሰጠው።

ከለላው ያልገባው ሰው ከቃየን ቤት ራሱ ወጣ። ከቃየን አምስተኛው ትውልድ ላይ ላሜሕ የሚባል ሰው ለሚስቶቹ ሲፎክር እናገኘዋለን። ለቃየን ሰባት እጥፍ ከሆነ ለእኔ ሰባ ሰባት እጥፍ ይበቀሉልኛል ይላል። በእኛ አገር ቀረርቶ የሰማ ሰው ላሜሕን ወዲያው ያውቀዋል። ጴጥሮስ ወንድሜን ስንት ጊዜ ይቅር ልበለው፣ ሰባት ጊዜ ይበቃል ወይ ብሎ ሲጠይቅ ጌታ የመለሰለት «እስከ ሰባ ጊዜ ሰባት» ብሎ ነው። የላሜሕን ቁጥር ይዞ አዙሮ መለሰለት ብዬ ነው እኔ የማነበው።

ደግሞ ያባቶቻችን ወግ ነው የሚሉህን ሁሉ አትመን። በጥንቱ ሥርዓት ገዳይ ለሟች ወገን ተላልፎ የሚሰጥበት ጊዜ ነበር፤ ይህ አይካድም። ያኔም ግን መጀመሪያ ዳኛ ይፈርዳል። ከዚያም በኋላ ሽማግሌው ቄሱ የሟችን ወገን «የደም ካሳ ተቀበሉና ማሩት» እያሉ ይለምናሉ። በጨለማ አድፍጦ መግደል ያኔም ወግ አልነበረም።

«አባቴን መክዳት አይሆንም ወይ» ላልከው፣ ይቅር ማለት «ምንም አልሆነም» ማለት አይደለም። ማቴዎስ 18 ላይ ያለውን የባሪያውን ምሳሌ ታስታውሰዋለህ። አሥር ሺህ መክሊት የተተወለት ባሪያ መቶ ዲናር ያለበትን ባልንጀራውን አንቆ ያዘው። ሰባኪ ሁሉ መቶ ዲናሯን ያቃልላታል። ዲናር በዚያ ዘመን የቀን ሠራተኛ የቀን ሒሳብ ነበር፤ እዚያው ማቴዎስ 20 ላይ አለልህ። እንግዲህ መቶ ዲናር የመቶ ቀን ደሞዝ ነው። ቀላል ዕዳ አይደለም። ጌታም ቀላል ነው አላለም። ስለዚህ ያንተ ዕዳ የአባት ደም ነው፣ ማንም እንዲያቃልልብህ አትፍቀድ። አንተም አታቃልለው።

ሦስተኛው ጥያቄህ ላይ ነው ብዙ መቆየት የምፈልገው። ልብህ እምቢ ካለ አፍህ ይቅር ማለቱ ሽንገላ ነው፣ ከሸነገልኩ ደግሞ ብበቀል ይሻላል ነው ያልከው። እዚህ ላይ ሁለት ነገር ቀላቅለሃል። በቀልን መተው አንድ ነገር ነው። ልብ ይቅር ማለቱ ሌላ ነገር ነው። የመጀመሪያው የእጅ ነው፤ ዛሬ ማታ ልትወስነው ትችላለህ። ሁለተኛው የልብ ነው፤ ዓመት ሊፈጅ ይችላል። ሁለተኛው ስላልመጣልህ የመጀመሪያውንም ማድረግ የለብህም ያለህ ማነው?

ዳዊትን ተመልከተው። 1ኛ ሳሙኤል 24 ነው። ሳኦል ሊገድለው ሦስት ሺህ ሰው ይዞ በዓይንጋዲ በረሃ ያሳድደዋል። ከዚያ ለራሱ ጉዳይ ዋሻ ውስጥ ይገባል፣ ብቻውን። ዳዊትና ሰዎቹ እዚያው ዋሻ ጥግ ላይ ናቸው። ሰዎቹ «ይኸው እግዚአብሔር በእጅህ ጣለልህ» አሉት። አጎትህን አይመስሉህም? ክፉ ሰዎች አልነበሩም፣ ወዳጆቹ ናቸው፣ ደግሞም የእግዚአብሔርን ስም ይዘው ነው የሚመክሩት። ዳዊት ቀስ ብሎ ሄዶ የሳኦልን ልብስ ጫፍ ቆረጠ። በዚያችው እንኳ ልቡ መታው።

ሳኦል ከወጣ በኋላ ተከትሎ ጠራውና የልብሱን ቁራጭ አሳየው። እንግዲህ የተናገረውን ስማ። ወድጄሃለሁ አላለውም። ረስቼዋለሁ አላለውም። «እግዚአብሔር በእኔና በአንተ መካከል ይፍረድ፣ እግዚአብሔርም ይበቀልልኝ፤ እጄ ግን በአንተ ላይ አትሆንም» አለው። በደሉን ፊት ለፊት ነገረው፣ ፍርዱን ለዳኛው ሰጠ፣ እጁን ሰበሰበ። ሳኦል አለቀሰ፣ «አንተ ከእኔ ይልቅ ጻድቅ ነህ» አለ። ታዲያ ዳዊት ከሳኦል ጋር ተቃቅፎ ወደ ቤተ መንግሥት ገባ? አልገባም። ሳኦል ወደ ቤቱ ሄደ፣ ዳዊት ወደ አምባው ወጣ። ምዕራፉ የሚያልቀው እንዲህ ነው። በቀልን ተወ፣ ሰውየውን ግን አላመነውም። ይህ ሽንገላ ነው የሚል ካለ ከዳዊት ጋር ይከራከር።

ያንተም መጀመሪያ እዚህ ጋ ነው። «እጄ በአንተ ላይ አትሆንም»። ይህን ማለት ልብህ ሳይሞቅም እውነት ነው።

እዚያው እንዳትቀር ግን ደግሞ እፈራለሁ። የዘጌ ልጅ ነህና ጣና ላይ ያለውን የዳጋ እስጢፋኖስ ገዳም ታውቀዋለህ፤ ምናልባትም ሄደሃል። ሴት ስለሆንኩ እኔ አልገባም፣ አንተ ትችላለህ። ሰው እዚያ ሲሄድ የነገሥታቱን አፅም ለማየት ይቸኩላል። ገዳሙ ግን የተሰየመው በድንጋይ ሲወግሩት «ጌታ ሆይ፣ ይህን ኃጢአት አትቁጠርባቸው» ብሎ በሞተው ሰው ስም ነው። በዚያ ቀን የወጋሪዎቹ ልብስ የተቀመጠው ሳውል በሚባል ጎልማሳ እግር ሥር ነበር። በመግደሉም ተስማምቶ ነበር ይላል የሐዋርያት ሥራ። ከዓመታት በኋላ ለሮሜ ሰዎች «ራሳችሁ አትበቀሉ፣ ለቁጣው ፈንታ ስጡ እንጂ» ብሎ የጻፈው ይኸው ሰው ነው። የእስጢፋኖስ ወገኖች ሳውልን መንገድ ላይ ጠብቀውት ቢሆን ኖሮ ያን መልእክት ዛሬ አናነበውም ነበር። ያንተ ሰው ጳውሎስ ይሆናል እያልኩህ አይደለም። ዓሣ እየቀረፈ ሊያረጅ ይችላል። ግን ምን እንደሚሆን የምናውቀው አንተም እኔም አይደለንም።

የእስጢፋኖስን ያህል ልብ እስከ እሑድ አምጣ የሚልህ ካለ ግን አትስማው። እሑድ ከሚመጡት ውስጥ አንዱ በላዔ ሰብእን እንደሚጠቅስልህ እርግጠኛ ነኝ። ልጅ ሆነህ ዑራ ኪዳነ ምሕረት ግድግዳ ላይ አይተኸዋል። 78 ነፍስ የበላ ሰው በእመቤታችን ስም በሰጠው ጥርኝ ውኃ ተማረ፣ አንተ ታዲያ አንድ ሰው ይቅር ማለት እንዴት ያቅትሃል ይሉሃል። እኔ ይህን ታሪክ እወደዋለሁ። ለገዳይ ተስፋ ነው። ለሟች ወገን ማስገደጃ ሲሆን ግን ደስ አይለኝም። ያን ታሪክ በሰማሁ ቁጥር የማስበው የ78ቱን ሰዎች ቤተሰብ ነው። ስለነሱ ማንም አያወራም። እግዚአብሔር ሰውየውን ሊምረው ይችላል፤ ምሕረቱ የራሱ ነው። አንተን በጥርኝ ውኃ ታሪክ ማስቸኮል ግን የማንም መብት አይደለም።

ስለ ቁርባኑ። የነፍስ አባትህ ልክ ናቸው። በቅዳሴ ላይ ካህኑ እጁን ታጥቦ በልቡ ቂም የያዘ ቢኖር አይቅረብ ብሎ ሲያስጠነቅቅ ሰምተሃል። «ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት» የምንለውም ለዚህ ነው። ግን ተመልሰህ ሂድና የነገርከኝን ሁሉ ንገራቸው። ማታ ማታ መንዳትህንም ጭምር። ከዚያ «በቀሉን ትቻለሁ፣ ቁስሉ ግን ያመኛል፤ ይህም ቂም ነው ወይ?» ብለህ ጠይቃቸው። እኔ ቄስ አይደለሁም፤ እሳቸው ይፍረዱ። ቁስል ማመሙና ቀን እየጠበቁ መቀመጥ ግን አንድ ነው ብለው የሚነግሩህ አይመስለኝም።

አሁን ወደ እሑድ። ሽማግሌ እንዴት እንደሚለምን ታውቃለህ። መስቀል ይይዛሉ፣ ስለ ማርያም፣ ስለ ጊዮርጊስ ይላሉ፣ ተንበርክከው «እሺ ካላልክ አንነሣም» ሊሉህ ይችላሉ። ይህን የሚያደርጉት በክፋት አይደለም፤ ደም ሲያደርቁ የኖሩት እንዲህ ነው፣ ብዙ ነፍስም አትርፈዋል። አንተ ግን የሽማግሌ ጉልበት አሳዝኖህ ብቻ እሺ ካልክ ማክሰኞ ዕለት ይቆጭሃል። አክብረህ አስነሣቸው። «አባቶቼ ተነሡ፤ እምቢ አላልኩም» በላቸው። ከዚያ ያለህን እውነት ተናገር፣ ከዚያ በላይ አትጨምር። እንዲህ ልትል ትችላለህ፦ «አባቴን ገድሏል። እስከ ዛሬ ያመኛል። እጄን ግን በሱ ላይ አላነሣም፣ በልጆቹም ላይ አላነሣም። ፍርዱን ለእግዚአብሔር ሰጥቻለሁ። ለቀረው ቀን ስጡኝ።» ይህ ከአንገት በላይ አይደለም። ሽንገላም የለበትም።

ለቀረው ቀን ስትቀጥሩ ደግሞ የምትጠይቃቸው ነገሮች አሉ። መጠየቅ ነውር አይደለም፣ እርቅ በደንብ ካልተሠራ ያመረቅዛል።

አንደኛ ሰውየው ራሱ ይምጣ። አንገቱ ላይ ድንጋይ ተሸክሞ ሲንበረከክ ብቻ ማየት አይበቃህም። በአፉ ይናገር። «ሰይጣን አሳሳተኝ» በሚለው ላይ አታብቃ። ሰይጣን ያሳስታል፣ ጥይቱን ግን የተኮሰው ሰው ነው። «አባትህን እኔ ገደልኩት፣ በደልኩህ» ይበል። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም ይባላል፤ ዓሣ ገበያ ላይ ያቆሰለህ አለማወቁ ይመስለኛል። ስንት ኪሎ ላድርግልህ አለህ። አሁን አውቆህ ይናገር።

ሁለተኛውና ብዙ ሰው የሚዘነጋው ያቺ ድንበር ናት። ደብዳቤህ ላይ አንድ ጊዜ ጠቅሰሃት አለፍክ። ለመሆኑ ዛሬ በማን እጅ ናት? ቡናውን ማን ይለቅማል? የእርቅ ጉባኤ ብዙ ጊዜ ስለ ደሙ ብቻ ተነጋግሮ፣ በግ አርዶ፣ መሐላ ፈጽሞ ይበተናል። ደሙን ያመጣው ነገር እዚያው ማሳ ላይ ይቀራል። ከዚያ በሚቀጥለው ለቀማ የአጎት ልጅና የአጎት ልጅ እዚያችው ድንበር ላይ ይገናኛሉ። ስለዚህ ሽማግሌዎቹ ሄደው ድንበሩን ይዩ። በሁለቱም ወገን ፊት ምልክት ይደረግ። የይዞታ ማረጋገጫ ደብተሩ በማን ስም እንደሆነ ይታይ፤ የእናትህ ስም ከሌለበት ቀበሌው መሬት አስተዳደር ሄዳችሁ ጠይቁ። ይህ የእርቁ ግማሽ ነው ብል አላጋነንኩም።

ሦስተኛ፣ አጎትህ። እርቁ አንተን ብቻ ካሰረ አጎትህ ሜዳ ላይ ነው። እሱም መስቀል ይምታ፣ እሱም ይማል። ውጅግራውንም ሽማግሌዎቹ ተረክበው ለሚመለከተው ያስረክቡት። «የወንድሜ ማስታወሻ ነው» ሊል ይችላል። ማስታወሻ ሌላ ሞልቷል።

ካሳ ካመጡ ምን ላድርግ ትል ይሆናል። የአባቱን ደም በብር ሸጠ እንዳይሉህ ትፈራለህ። እኔ እናትህን ሳትጠይቅ አትመልሰው ነው የምለው። ባሏን ያጣች፣ ልጅ ብቻዋን ያሳደገች እሷ ናት። ኩራቱ ያንተ ሆኖ ችግሩ የሷ እንዳይሆን።

ከታረቃችሁ በኋላ ከሰውየው ጋር ማዕድ መቁረስ፣ ሰርግህ ላይ መጥራት፣ ጽዋ መጠጣት ግዴታ አይደለም። አንዳንድ ሽማግሌ ይህንም ይጨምራል። ካልቻልክ «ይህን አልችልም» በል። ከተማው ለሁለታችሁም ይበቃል። እሱ በዓሣው፣ አንተ በባጃጅህ።

እሑድ ካለፈ በኋላም ነገሩ እንደሚመለስብህ ከአሁኑ እወቅ። በአባትህ ሙት ዓመት ይመጣል። ቡና ሲቆላ ይመጣል። ልጅ ወልደህ አያቱን ሲጠይቅህ ይመጣል። ያኔ «ይቅር ያልኩት ውሸት ነበር ማለት ነው» ብለህ እንዳትደነግጥ። ሰባ ጊዜ ሰባት የተባለው ለአዲስ በደል ብቻ ይመስለን ነበር፤ አንዱ በደል ሰባ ጊዜ ተመልሶ ሊመጣ ይችላል። በመጣ ቁጥር ያልከውን ድገመው። ንዴቱንም ቢሆን ለእግዚአብሔር ንገረው፤ ዳዊት በመዝሙሩ ጠላቱን ምን ምን እንዳለ ስታነብ ያንተ ንዴት ያንሳል። እሱ ግን ያን ሁሉ ያለው በጸሎት ነው። በሳኦል ላይ እጁን ሳያነሣ።

እንቅልፉ ደግሞ በዚሁ ከቀጠለ ሐኪም ጋ ሂድ። ጸበሉንም አልከለክልህም፣ ሁለቱም አብረው ይሄዳሉ። መሪ የያዘ ሰው እንቅልፍ ሳይተኛ ሲነዳ ሌላ ነፍስ ሊያጠፋ ይችላል።

እጮኛህ ይህን ሁሉ ታውቃለች? ደብዳቤህ ውስጥ ለሰርግ ቀን መቆረጡ እንጂ እሷ የለችም። ከመቁረባችሁ በፊት ንገራት። ከሽማግሌዎቹ አፍ ሳይሆን ካንተ ትስማ።

ስለ እናትህ የጻፍከው ደግሞ «ዝም ብላለች» የሚለውን ብቻ ነው። አጎትህ ዝምታዋን ለራሱ ተርጉሞታል። ሽማግሌዎቹም በራሳቸው ይተረጉሙታል። የጠየቃት ሰው ግን ያለ አይመስለኝም። ደም ይመለስልኝ ትላለች ወይስ ልጄን ተዉልኝ ትላለች? ሰውየው ይምጣ ወይስ ፊቱን አላይም ትላለች? አንተም እኔም አናውቅም። ቅዳሜ ባጃጁን አቁምና ዘጌ ሂድ። አጎትህ በሌለበት ቁጭ በልና ጠይቃት። መልሷን ሳትሰማ ለሽማግሌዎቹ ምንም ቃል እንዳትሰጥ።